ማታ የተባለው ጠዋት የት ሄደ?

ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ማታ በ2 ሰዓት ዜና ላይ አንድ ኃላፊ አንድ ነገር ይናገራል። ብዙም ሳይቆይ የ40 ሰከንድ ቁራጭ ቪዲዮ በቴሌግራምና በቲክቶክ መዞር ይጀምራል። ሲነጋ አንዱ ወገን «በግልጽ ተናግሯል» ይላል። ሌላው «ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፣ ከፊቱ ያለው ተወግዷል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «በኤአይ የተሠራ ነው» ብሎ ይገላገላል። ዜናውን ሙሉ የተመለከተ ሰው ብዙ ነው፤ ሙሉውን በእጁ የያዘ ግን አይገኝም። ጣቢያው ዩቲዩብ ላይ ጭኖት ከሆነ ይታያል። ካልጫነው ወይም ጭኖ ካወረደው ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ክርክሩ ስለተባለው ነገር መሆኑ ቀርቶ ስለ ተከራካሪዎቹ ብሔርና ፓርቲ ይሆናል።

ይህን ለመፍታት አጣሪ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። የተላለፈው ነገር ሳይቆረጥና ጥራቱ ሳይቀንስ በየጣሪያው በተተከለው ዲሽ በኩል ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብቷል። ቴሌቪዥኑ አሳይቶ ጣለው እንጂ ያስቀመጠው የለም። ማስቀመጥ ግን ይቻላል። የሚጠይቀውም አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ አንድ የሳተላይት መቀበያ ካርድ፣ አንድ ሃርድ ዲስክና በነጻ የሚገኘው የሊኑክስ ሶፍትዌር ነው። ስለ አገር ጉዳይ ሌት ተቀን በሚከራከር ሕዝብ መካከል ይህ ሳጥን የኮምፒውተር ወዳጆች መጫወቻ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። የሕዝብ ትዝታ በአሰራጩ መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ከሚያደርጉ ጥቂት ርካሽ መንገዶች አንዱ ነውና።

ሥራው ብዙ ሰው እንደሚፈራው የረቀቀ አይደለም፤ አንዳንድ የዩቲዩብ አስተማሪዎች እንደሚሉት የ10 ደቂቃ ጉዳይም አይደለም። ዲጂታል ቴሌቪዥን ከሳተላይት የሚወርደው አስቀድሞ ተጨምቆ፣ ልክ እንደ ፋይል ሆኖ ነው። መቅጃው ምስሉን እንደገና መሥራት አይጠበቅበትም፤ የመጣውን ተቀብሎ ዲስክ ላይ መጻፍ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ አዲሱን ዊንዶውስ አልሸከም ብሎ ጥግ የተጣለ የ10 ዓመት ዴስክቶፕ ይበቃል። እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተርም ይወጣዋል።

ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ካርዱ ነው። ዲቪቢ ኤስ2 የሚባለውን ስርጭት የሚቀበል መሆን አለበት፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካም በዩኤስቢ የሚገባም አለ። ሻጩ «ለሁሉም ይሠራል» ቢል ማመን አይገባም። የካርዱን የቺፕ ስም ይዞ፣ ሊኑክስቲቪ የሚባለው የገንቢዎች ማኅበረሰብ ባዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ይሻላል። አንድ ዓይነት ሳጥንና አንድ ዓይነት ስም ይዘው በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ያላቸው ካርዶች ገበያ ላይ አሉና። ድራይቨሩ ኖሮ ፈርምዌር የሚባለው ትንሽ ፋይል የሚጎድልበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ካርዱ ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ አንድም ቻናል ግን አያገኝም። ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ የሚወረውረው እዚህ ላይ ነው። የከርነሉን መልእክት ከፍቶ ቢያነብ ግን የጎደለው ፋይል ስም ብዙ ጊዜ ፊት ለፊቱ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ተጭኖ፣ በላዩ ቲቪሄድኤንድ የተባለው ፕሮግራም ይገባል። ሌሎችም አሉ፤ ጀርመናዊው ክላውስ ሽሚዲንገር የጀመረው ቪዲአር እና እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሚዝቲቪ ስማቸው የታወቀ ነው። ለዜና መቅጃ ግን ቲቪሄድኤንድ ይቀልላል። ኮምፒውተሩ ስክሪን እንኳ ሳይኖረው ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ በብራውዘር ይታዘዛልና። የሳተላይቱ ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላሪቲና ሲምቦል ሬት ይሞላል። እነዚህን ቁጥሮች የሰፈሩ ዲሽ ሠራተኛ በቃሉ ያውቃቸዋል። ፕሮግራሙ ፈልጎ ያገኛቸውን ጣቢያዎች በስም ይዘረዝራል፤ የቀረው የትኛው፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀዳ የሚለውን መምረጥ ነው። የተቀዳውን ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን በኮዲ፣ በስልክ ደግሞ በቪኤልሲ ማየት ይቻላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ነገር አለ። ሳተላይት በአንድ ፍሪኩዌንሲ አንድ ጣቢያ ብቻ አይልክም። በርካታ ጣቢያዎች በአንድ ጅረት ተጠቅልለው ይወርዳሉ፤ ተራ ሪሲቨር ከዚያ ውስጥ አንዱን መርጦ ያሳያል፣ የተረፈውን ይጥላል። ቲቪሄድኤንድ ግን በአንድ ካርድ በዚያ ጅረት ውስጥ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቅዳት ይችላል። በአንድ ምሽት በአንድ ሰዓት የመንግሥቱንም፣ የክልሉንም፣ የግሉንም ዜና ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተቻለ ማለት ነው፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ እስከመጡ ድረስ። አንዱ ጣቢያ የዘገበውን ሌላው እንዴት ዘለለው ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ችግሩ ጣቢያዎቹ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ሲበተኑ ነው። አንድ አፍ ያለው ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ የሚያዳምጠው አንድ ፖላሪቲና አንድ ባንድ ብቻ ነው። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክለት ወደ አንዱ፣ 18 ቮልት ሲልክለት ወደ ሌላው ይዞራል። በርካሽ ማከፋፈያ ገመዱን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ለሳሎኑ ቴሌቪዥን፣ አንዱን ለመቅጃው መስጠት ስለዚህ ጠብ ያመጣል። ሳሎን ያለው ሰው ቻናል ሲቀይር የመቅጃው ዜና ይቋረጣል፤ ጥፋቱም በኮምፒውተሩ ይላከካል። መፍትሔው ሁለት አፍ ያለው ኤልኤንቢና ሁለተኛ ገመድ ነው። በአንድ ዲሽ አራት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ ግን ይህ ከቴክኒክ ይልቅ የጉርብትና ድርድር ይሆናል።

ሰዓቱም ይፈትናል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የምሽት 2 ሰዓት ዜና ለእሱ 20፡00 ነው። 02፡00 ብሎ የሞላ ሰው ዜናውን ሳይሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚደጋገም የማስታወቂያ ክር ቀድቶ ያድራል። የፕሮግራም ሰንጠረዥ በሲግናሉ ውስጥ ከተላከ መቅጃው አንብቦ ራሱ ይከተላል። ካልተላከ ወይም የተሳሳተ ከሆነ ግን በሰዓት ማዘዝ ግድ ነው። ያኔም ከፊቱ 5 ደቂቃ፣ ከኋላው ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ጭማሪ መስጠት ይገባል፤ ስብሰባ የበዛበት ቀን ዜናው በሰዓቱ አያልቅም።

መብራትስ? የመብራት ጉዳይ እንዲያውም ለሊኑክሱ መቅጃ ከሌላው ይልቅ ምቹ ሆኖ ይገኛል። ስርጭቱ ሳይነካ በመጣበት የቲኤስ ቅርጽ ከተቀመጠ፣ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ እስከዚያች ደቂቃ ያለው ይታያል። ኤምፒ4 ግን ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው በመጨረሻ ስለሆነ፣ ሳይዘጋ የተቋረጠ ፋይል ሙሉ በሙሉ አልከፈት ሊል ይችላል። በኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥም መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ እሱ ካልተነካ ማሽኑ ማንም ሳያስታውሰው ለሦስት ቀን ጠፍቶ ይቆያል። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው እንደ ዩፒኤስ ይሆናል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ላፕቶፑ አይጠፋም፤ ኤልኤንቢውን የሚመግበው የዩኤስቢ ካርድ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ቻርጀር ስለሚሠራ እሱ ይጠፋል። ለካርዱም አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ካልተደረገለት ላፕቶፑ ባዶ አየር ሲቀዳ ያመሻል።

ቦታውን ማስላት ቀላል ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚወርድ ተራ ጥራት ያለው ጣቢያ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወስዳል። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ዜና ዓመቱን ሙሉ ቢቀዳ 657 ጊጋባይት ነው። አንድ ቴራባይት ዲስክ የአንድ ጣቢያን የዓመት ዜና ይዞ ቦታ ይተርፈዋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ሜጋባይት የኢንተርኔት ጥቅል አይወጣም። የተላለፈውን በዩቲዩብ መልሶ የሚያይ ሰው በየሰዓቱ ዳታ ይከፍላል፤ ከዲሹ የወረደው ግን አንዴ ከተቀመጠ የቤቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። ሪሲቨሩ ፍላሽ ሲሰካበት ይቀዳ የለ እንዴ? ስማርት ቴሌቪዥኑስ? ይቀዳሉ። ነገር ግን ብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች የቀዱትን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ፍላሹ ወደ ሌላ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ኮምፒውተር ሲሄድ አይከፈትም፤ ቴሌቪዥኑ የተቃጠለ ቀን የተቀዳው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። አንዳንድ ሪሲቨርም እሱ ብቻ በሚያውቀው ቅርጽ ያስቀምጣል። እቃው የተገዛው በባለቤቱ ገንዘብ ነው፤ ቁልፉ ያለው ግን በፋብሪካው እጅ ነው።

ይህ ነገር ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከሊኑክስ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው ቲቮ የተባለው የቤት መቅጃ በውስጡ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። ሊኑክስ ማንም እንዲያየው፣ እንዲቀይረውና እንዲያሻሽለው በነጻ የተሰጠ ሥራ ነው። ቲቮ ኮዱን እንደ ሕጉ አሳየ፤ ነገር ግን ባለቤቱ የቀየረው ሶፍትዌር በሳጥኑ ላይ እንዳይነሳ በፊርማ ቆለፈው። የሪቻርድ ስቶልማን ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ለዚህ አሠራር የኩባንያውን ስም የያዘ መጠሪያ አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛው የጂፒኤል ፈቃድ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ይዞ መጣ። የሚገርመው ሊነስ ቶርቫልድስ አንቀጹን አልወደደውም፤ የሊኑክስ ከርነልም እስከ ዛሬ በሁለተኛው ፈቃድ ሥር ነው። እንግዲህ «ውስጡ ሊኑክስ ነው» መባሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ዋናው ቁም ነገር ሳጥኑ የሚታዘዘው ለማን ነው የሚለው ነው። በራስ እጅ የተገጣጠመ መቅጃ፣ ድካሙ ቢኖርም፣ የሚታዘዘው ለባለቤቱ ነው።

አሰራጮች የራሳቸውን ሥራ ያስቀምጣሉ ብሎ መተማመን ደግሞ የትም አገር አላዋጣም። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበርና በርካታ ፕሮግራሞቹን አጥፍቶ በቴፑ ላይ ሌላ ቀዳበት። ዶክተር ሁ ከተባለው ዝነኛ ተከታታይ ድራማ ብዙ ክፍሎች በዚህ ጠፍተዋል። የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ግን ሁሉም ተርፏል። ያተረፉት በዚያን ጊዜ ቤታቸው ሆነው ቴፕ ሪከርደር ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስጠግተው ይቀዱ የነበሩ ተመልካቾች ናቸው። ትልቁ ተቋም ያጠፋውን ልጆች አስቀመጡት።

በዜና በኩል የአሜሪካው ታሪክ የበለጠ ይናገራል። ናሽቪል ይኖር የነበረ ፖል ሲምፕሰን የተባለ የኢንሹራንስ ሰው፣ ታላላቆቹ ጣቢያዎች የምሽት ዜናቸውን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይዘው እንደሚያጠፉት ሲረዳ ነገሩን ወደ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1968 ጀምሮ የሦስቱን ጣቢያዎች የምሽት ዜና በየቀኑ መቅዳት ጀመረ። ሲቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሰሰው። ክሱ ሳይቋጭ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1976 ባወጣው የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ዜናን መቅዳት እንዲችሉ የሚፈቅድ አንቀጽ አስገባ፤ ሲቢኤስም ክሱን ተወው። አንድ ዜጋ «ትናንት ምን ተባለ?» ብሎ ስለጠየቀ ሕግ ተለወጠ።

ማሪዮን ስቶክስ ግን ዩኒቨርሲቲም አልጠበቀችም። ፊላደልፊያ የምትኖር የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች በታገቱበት በ1979 ዜናውን ሌት ተቀን መቅዳት ጀመረች፤ በ2012 እስክትሞት አላቆመችም። ስምንት ያህል መቅጃ በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ቴፑ ሲያልቅ የሚለውጥ ሰው ከቤት መጥፋት አልነበረበትም፤ የቤተሰቡ ኑሮ በቴፕ ርዝመት ይለካ ነበር። ስትሞት 70 ሺህ ያህል ካሴት ትታለች፤ አሁን ያሉት ኢንተርኔት አርካይቭ ዘንድ ነው። በዘመኗ እንደ ቅብጠት፣ ከዚያም እንደ ሕመም ያዩት ነበሩ። ዛሬ በየምሽቱ ያንን ሥራ አንድ ዲስክ ያለ ማንም እጅ ይሠራዋል፤ የቤተሰብ ሰላምም አይነካም።

መቅዳት ራሱ ወንጀል ነው የሚሉ ነበሩ። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ሶኒን በቤታማክስ መቅጃው ምክንያት እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደውታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1984 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የተላለፈን ፕሮግራም በኋላ ለማየት ቤት ውስጥ መቅዳት ጥሰት አይደለም አለ። በአንድ ድምፅ ብቻ! ያ ድምፅ ወደ ሌላው ቢያጋድል ኖሮ የቤት መቅጃ የሚባል ነገር መልኩ ሌላ ይሆን ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለግል አገልግሎቱ ብቻ የሚያደርገውን ነጠላ ቅጂ ይፈቅዳል። የተቀዳውን መልሶ መሸጥ ወይም በራስ ቻናል ላይ ድራማውን እንዳለ መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መቅጃ ያለው ሁሉ አሰራጭ መሆን የለበትም፤ መብቱን የሚያስነጥቀውም ይኸው ነው።

አደጋው ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ ከቁልፍ ይመጣል። የአሜሪካው ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ2003 ዲጂታል መቀበያዎች ሁሉ በስርጭቱ ውስጥ የሚላክን «አትቅዳ» የሚል ምልክት እንዲታዘዙ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሥራ ላይ ቢውል በራስ እጅ የሚገጣጠም የሊኑክስ መቅጃ መንገዱ ይዘጋ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ከሰሱ፤ በ2005 ፍርድ ቤት ኤፍሲሲ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም ብሎ ሻረው። ተሸነፈ የተባለው ነገር በሌላ በር ተመለሰ። ኤቲኤስሲ 3.0 በተባለው አዲሱ ስርጭት በርካታ የአሜሪካ ጣቢያዎች በአንቴና በነጻ የሚለቀቀውን ሲግናል ሳይቀር በዲጂታል ቁልፍ ዘግተውታል። ነጻ ነው፤ ግን የተፈቀደለት ሳጥን ብቻ ይከፍተዋል። ጀርመንም ውስጥ ኤአርዲና ዜድዲኤፍን የመሰሉት የሕዝብ ጣቢያዎች በሳተላይት በክፍት ይተላለፋሉ። የግሎቹ ኤችዲ ግን ተቆልፎ በክፍያ ይመጣል፤ መቅዳቱም ገደብ አለበት። ቪዲአርን የወለደች አገር ይህን አይታለች።

የኢትዮጵያ ተመልካች በዚህ ረገድ ሳያውቀው የታደለ ነው። ጣቢያዎቹ ከዓረብ አገራት ሳተላይቶች ወጥተው ኢትዮሳት በተባለው መድረክ በኤንኤስኤስ 12 ላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሰባሰቡ፣ የመጡት በክፍት ነው። ካርድ አይጠይቁም፣ ወርሃዊ ክፍያ የላቸውም። በዚህ ምክንያት የቤት መቅጃ የሚቻል ሆነ። ዲኤስቲቪን በዚህ መንገድ መቅዳት አይቻልም፤ ተቆልፏልና። ነገ አንድ ሰው ማስታወቂያን ለመለካት፣ ወይም ገቢ ለማግኘት፣ ወይም ስርቆትን ለመከላከል በሚል የዜና ጣቢያዎችን በካርድ እንዝጋ ብሎ ቢነሳ፣ ተመልካቹ «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ ብሎ ቢጠይቅ ትልቁን ነገር ይስታል። የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የተባለውን የማስቀመጥ አቅሙም ነው። በሕዝብ በጀት የሚተዳደር ጣቢያ ስርጭቱን እንዳይቆልፍ በሕግ ወይም በመመሪያ በግልጽ ቢጻፍ የሚጎዳ ወገን የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። በቤት የተቀዳ ፋይል እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ቆራጭ ቀጣዩ መቅጃውን የያዘው ሰው ራሱ ቢሆንስ? ለዚህ መልስ አለ። ሊኑክስ ውስጥ በአንድ ትእዛዝ የፋይሉን አሻራ ማውጣት ይቻላል፤ ሻ256 ይባላል፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ያንን አሻራ በዚያው ማታ በአደባባይ ቻናል ላይ የለጠፈ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን ሲያወጣ፣ ከዚያ ማታ ወዲህ እንዳልነካካው ማሳየት ይችላል። ከዚያ ማታ በፊት እንዳልነካካው ግን አያሳይም። ለእሱ የሚበጀው ሁለተኛ ቤት ነው። አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ሐዋሳ ሆነው የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች የቀዱት ያው ዜና በየፍሬሙ ከገጠመ፣ «ተቀነባብሮ ነው» የሚለው ክርክር እዚያው ይቆማል። የሁለቱ ፋይሎች አሻራ ግን አንድ አይሆንም፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ጀምሯልና። የሚነጻጸረው ውስጣቸው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የስንፍና ይመስላል፤ ግን ሐቅ አለበት። ማን ያየዋል? የዓመት ዜና ቀድቶ አንድም ቀን ያልከፈተ ብዙ ነው። ስም ያልተሰጠው፣ ቀኑ ያልታወቀ የ600 ሰዓት ክምር ከጠፋው ብዙም አይሻልም። ስለዚህ የፋይሉ ስም ጣቢያውንና ቀኑን እንዲይዝ ገና ከጅምሩ ማዘዝ ይገባል፤ ቲቪሄድኤንድ ይህን ራሱ ይሠራል። ከተቻለም በየምሽቱ የርዕሶቹን ዝርዝር በሁለት መስመር የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ቫንደርቢልትን ለተመራማሪ ጠቃሚ ያደረገው ቴፑ ብቻ አልነበረም፤ የእያንዳንዱ ዜና አጭር መግለጫ ተጽፎለት ነበርና የሚፈልግ ያገኛል። ዲስክም ይሞታል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው የለውም ማለት ይቀላል፤ ሁለተኛው ዲስክ በሌላ ቤት፣ በሌላ የመብራት መስመር ላይ መቀመጥ አለበት።

ይህን ሁሉ ከግለሰብ ይልቅ ተቋም ቢሠራው ይመረጥ ነበር። የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ መጽሐፍና ጋዜጣ የሚሰበስበው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የምርጫ ወቅት ሲመጣ የአየር ሰዓት የሚቆጥሩ ታዛቢዎች ሁሉ ለዚህ ምክንያት አላቸው። ወጪው ለአንድ ዐውደ ጥናት ከሚወጣው የሆቴል ሂሳብ ያንሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር፣ ጥቂት ካርዶች፣ ጣሪያ ላይ አንድ ጥሩ ዲሽ፣ የተማሪዎች ተራ። የኮምፒውተር ተማሪው ሲስተሙን ይጠብቃል፣ የጋዜጠኝነቱ ተማሪ ርዕሱን ይጽፋል። ተቋሙ እስኪነሳ ድረስ ግን ምሽቶቹ ያልፋሉ፤ ትናንት ያልተቀዳውን ዛሬ መቅዳት አይቻልም።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሁሉንም ጣቢያ በአንዴ ባይመኝ ይሻላል። አንድ ካርድ፣ አንድ ጣቢያ፣ የምሽት 2 ሰዓት ዜና። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ምሽት ያመልጠዋል፤ አንዱ በመብራት፣ አንዱ በ02፡00 ምክንያት። በሁለተኛው ሳምንት ሰባቱም ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ሻይ ቤት «እሱማ እንዲህ አላለም» የሚል ሙግት ሲነሳ ቀኑን ብቻ መጠየቅ ይበቃዋል።